ከሳሽና ተከሳሽ በወይዘሮ ጽጌ ግሮሰሪ

ሥራውን የሚወድ ሰው ጥቂት ነው ይባላል። እኔ ከጥቂቶቹ ነኝ። ችግሩ፣ ሥራዬ የሚያምረው ሰው ሲጣላ ነው።

አትፍረዱብኝ እንጂ! ሐኪሙስ ሰው ካልታመመ ምን ይበላል? ከሱቄ አጠገብ ሬሳ ሣጥን የሚሸጠው ጎረቤቴ "ጤና እንዴት ነው?" ሲለኝ ከልቡ መሆኑን አውቃለሁ፤ አልቀየመውም። እኔ ደግሞ ራፖር ጸሐፊ ነኝ። ልደታ፣ ከፍርድ ቤቱ ትንሽ ዝቅ ብሎ፣ ኮንዶሚኒየሙ ሥር አንዲት ጠባብ ሱቅ አለችኝ። አንድ ኮምፒውተር፣ ወረቀት የሚያኝክ አንድ ፕሪንተር፣ ለደንበኛ ደግሞ አንድ ዱካ። ከሳሽ ክሱን፣ የተከሰሰ መልሱን፣ የተሸነፈ ይግባኙን ያጽፋል። ጠበቃ አይደለሁም። ጠበቃ ለመቅጠር አቅም ያነሰው ሰው ግን እኔ ዘንድ መጥቶ፣ ዱካው ላይ ተቀምጦ ሆዱን ያራግፋል። እኔ የሆዱን ወደ አንቀጽ እለውጥለታለሁ።

ይህን ሁሉ የምለው ስለ ትግል ላወራችሁ ፈልጌ ነው። ነገርን ነገር ያነሳዋል አይደል?

ሽመልስና ፍቅሩ የሚባሉ ወንድማማቾች አሉ። የጌጃ ሰፈር ልጆች ናቸው። አባታቸው አናጢ ነበሩ፤ ሲሞቱ ሁለት ክፍል ቤትና ከጎኑ ያለችውን የእንጨት መሥሪያ ተዉላቸው። ቤቱ ውስጥ ደግሞ እናታቸው እማማ በለጡ አሉ። ትልቁ ሽመልስ ጎሚስታ ነው፤ የአይሱዙ ጎማ እንደ ድፎ ዳቦ ነው የሚያነሳው። ታናሹ ፍቅሩ ጂም ውስጥ ስፖርት ያሠራል። አንዳቸው በር ላይ ከቆሙ ቤቱ ውስጥ መብራት ማብራት ያስፈልጋል።

እነዚህ ሁለት ግንዶች በዚያች የእንጨት መሥሪያ ተጣሉ። ትልቁ ትሸጥ አለ፤ ታናሹ አትሸጥም አለ። ከዚያ ወዲያ ዝም። አራት ዓመት ሙሉ አንዲት ቃል አልተነጋገሩም። እማማ በለጡ ለሽመልስ ስድስት ሰዓት ላይ ምሳ ያቀርባሉ፤ ለፍቅሩ ስምንት ሰዓት ላይ። በመሐል እንዳይገጣጠሙ በር በሩን ሲያዩ ይቀመጣሉ። ሽማግሌ ተላከ። የንስሐ አባት መጡ። በመጨረሻ የተላኩት ሽማግሌዎች የማን ጥፋት ይበልጣል በሚል ተከራክረው፣ እነሱ ራሳቸው ተኳርፈው ተመለሱ።

ሽመልስ አንድ ቀን እኔ ዘንድ መጣ። ክስ ጻፍልኝ አለ። ጻፍኩለት። ስጽፍ እንደማልታማ ጠይቃችሁ ማረጋገጥ ትችላላችሁ።

ሦስት ሳምንት ቆይቶ ፍቅሩ መጣ። መጥሪያ ደርሶታል። ወንድሙ እኔ ዘንድ እንዳጻፈ አያውቅም። ምን ልበለው? "በሁለት ቢላዋ መብላት" የሚሉት ነገር አለ። እኔ ዘንድ ግን ቢላዋው አንድ ነው፤ ሥጋው ነው ሁለት። መልስ ለመጻፍ ክሱን ሳነበው፣ እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ንድድ አልኩ። "ማነው እንዲህ ያለ ጨካኝ ክስ የጻፈው?" አልኩ ጮክ ብዬ። "አንዱ ኅሊና ቢስ ነዋ፣ ጋሽ ይልማ" አለኝ ፍቅሩ። ዋጥ አድርጌ መጻፌን ቀጠልኩ።

አሁን ወደ ወይዘሮ ጽጌ እንለፍ። ጽጌ ከፍርድ ቤቱ ወደ ጌጃ ሰፈር በሚወስደው መንገድ ላይ ግሮሰሪ አላት። ደንበኞቿ ባለጉዳዮች ናቸው። የተፈረደለት ሊደሰት፣ የተፈረደበት ሊረሳ፣ የተቀጠረበት ሊራገም ይገባል። እሁድ ግን ፍርድ ቤት ዝግ ነው። እሁድ ማን ይምጣላት? ኳስ የሚያሳየው ቤት እንደሆነ መንገዱን ሞልቶታል። የሷ ቴሌቪዥን ደግሞ ኳሷን አታሳይም፤ ሲሮጡ ብቻ ነው የሚታየው።

ሐሳቡን ያመጣላት ፍቅሩ ነው። በዲሽ እንደሚታየው ዓይነት የማስመሰል ትግል በጓሮሽ እናሳይ አላት። ጽጌ ከላይ እስከ ታች አየችውና፣ "በዚህ ሰፈር አንተን የሚያነሳ አንድ ሰው ብቻ ነው ያለው" አለችው። ፍቅሩ ገባው። "እሱ እሺ ካለ እኔ ምን ቸገረኝ" አለ።

ተነሥታ ጎሚስታው ዘንድ ሄደች።

"ከማን ጋር ነው የምታገለው?" አላት ሽመልስ።

"ከወንድምህ ጋር።"

የያዘውን ጎማ ቀስ ብሎ መሬት አስቀመጠ። "መምታት ይቻላል?"

"ለማስመሰል ብቻ።"

"እሺ" አለ።

"ይልማዬ፣ እሺ ያለበት ፍጥነት አላማረኝም" አለችኝ ጽጌ በኋላ። "ሁለቱም ስንት ትከፍይናለሽ እንኳ አላሉኝም።"

የመጀመሪያው እሁድ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ጓሮዋ ጢም አለ። እኔ ፊት ወንበር ላይ ነበርኩ። ሲሚንቶው ላይ ስፖንጅ ፍራሾች ተነጥፈዋል፤ ጽጌ የራሷን አልጋ ሳይቀር ገፍፋለች። በአራት ቋሚ ዙሪያ የልብስ መስጫ ገመድ ተወጥሯል። ትግሉን "ከሳሽና ተከሳሽ" ብላ ሰይማዋለች። በልደታ ከዚህ የተሻለ ስም ከየት ይመጣል?

ዳኛው አቶ ደምሴ ናቸው። ሠላሳ ዓመት ችሎት አስከባሪ ሆነው፣ ዳኛ ሲገባ "ተነሡ!" እያሉ ኖረው ጡረታ የወጡ ሰው። ለዕለቱ የልጃቸውን የምርቃት ካባ ለብሰዋል። ጉሮሯቸውን ጠረጉና "ችሎት ተሰይሟል! ሁሉም ይነሣ!" ብለው ጮኹ።

ብታምኑም ባታምኑም ግሮሰሪው በሙሉ ተነሣ። ቢራውን እንደያዘ፣ ቆሎውን እንደጨበጠ ተነሣ። እኔማ ኮፍያዬን ሁሉ አወለቅሁ። የልደታ ሰው እግሩ ከጭንቅላቱ ቀድሞ ሕግ ያከብራል።

ከሳሽ ገባ። ቀዳዳ የወጣለት ቀይ የሹራብ ኮፍያ እስከ አገጩ አጥልቆ፣ የመጋረጃ ካባ ደርቦ፣ ፋይል በብብቱ ይዞ። ከኮፍያው ሥር ያለው ሽመልስ መሆኑን የማያውቅ አልነበረም፤ ያንን ትከሻ በምን ይደብቁታል? ቀጥሎ ተከሳሽ ገባ፣ በጥቁር ኮፍያ። መጥሪያ የሚመስል ወረቀት ከፍ አድርጎ ለሕዝቡ አሳየና፣ ቦጫጨቀውና በላው። ጓሮው በጭብጨባ ተናጋ። ግማሹ ተመልካች በሕይወቱ ሊያደርግ የተመኘውን ነገር ነው ያደረገው።

ትግሉ ተጀመረ። የማስመሰል ነው ተብሏል አይደል? የመጀመሪያው ቡጢ ሲያርፍ ግን "ድው" አለ። የማስመሰል ቡጢ ድው አይልም። ሁለተኛውም ድው አለ። "ማስመሰል ነው ያልኩት!" ብላ ጽጌ ከባንኮኒው ጮኸች። የሚሰማት አልነበረም። አራት ዓመት የተጠራቀመ ዝምታ ነበር በቡጢ የሚወጣው። ሕዝቡ የትወና ችሎታቸውን ያደንቃል። እኔ ግን የክሱንም የመልሱንም ጸሐፊ ነኝና ወንበሬ ላይ ላብ ላብ አለኝ።

በዚህ መሐል ሽመልስ ታናሽ ወንድሙን በወገቡ ይዞ፣ ከመሬት ነቅሎ፣ ከጭንቅላቱ በላይ አነሣው። አግድም።

"ጣለው! ጣለው!" አለ ሕዝቡ በአንድ ድምፅ።

ሽመልስ ሊጥለው ክንዱን ወደ ኋላ ሳበና ቀጥ ብሎ ቀረ። ወደ መሬት አየ። እኔም አየሁ። በግብግቡ ፍራሹ ተንሸራቶ ሄዷል። ከሥራቸው ባዶ ሲሚንቶ ነው። ቢለቀው የፍቅሩ ማጅራት ነው ቀድሞ የሚያርፈው።

ፊት ወንበር ላይ ስለነበርኩ ሰማሁ።

"ፍቄ" አለ ሽመልስ ቀስ ብሎ። "ፍራሹ ሸሽቷል።"

ከላይ በኮፍያ የታፈነ ድምፅ መጣ። "ወዴት?"

"ወደ ግራ።"

"በኔ ግራ ነው ባንተ?"

"ወደ እማዬ ቤት በኩል።"

ከአራት ዓመት በኋላ የተነጋገሩት ይህንን ነው። ሽመልስ ወንድሙን ከላይ እንደተሸከመ በእግሩ ፍራሹን እየፈለገ ቀስ እያለ ዞረ። ሕዝቡ የትርኢቱ አካል መስሎት ዙሩን መቁጠር ጀመረ። ክንዱ ይንቀጠቀጣል፤ ከኮፍያው ሥር ላቡ ይንጠባጠባል። ሦስተኛው ዙር ላይ እግሩ ስፖንጁን አገኘ። ያኔ ተንበረከከና ፍቅሩን እንደ ሕፃን አስተኛው።

ከኋላ አንዱ ተነሣና "ምንድነው ይሄ? ትግል ነው እሹሩሩ?" አለ። ሕዝቡ ማጉረምረም ጀመረ። ይሄን ጊዜ ፍቅሩ ትርኢቱ መበላሸቱ ገባውና ጩኸቱን ለቀቀው። "ወገቤን! ኧረ ወገቤን ሰበረኝ!" ሕዝቡ እፎይ አለ፤ አጨበጨበ። ሰው ካልተሰበረለት ደስ የማይለው ሕዝብ! ሽመልስ ግን ደንግጦ ጎንበስ አለ። "እውነትህን ነው?" ሲለው፣ በጥቁሩ ኮፍያ ቀዳዳ አንድ ዓይን ስትጠቅስ አየሁ።

አቶ ደምሴ እጃቸውን አነሡ። "መዝገቡ ለፊታችን እሁድ ተቀጥሯል!"

"እዚህም ቀጠሮ?" ብሎ ሕዝቡ አለቀሰ። በሳምንቱ ግን ማንም አልቀረም።

ከዚያ በኋላ ልምምድ ጀመሩ። የት? ክስ የተመሠረተባት የእንጨት መሥሪያ ውስጥ ነዋ፤ ሌላ ሰፊ ቦታ ከየት ይመጣል። ማክሰኞና ሐሙስ፣ ሰባት ሰዓት ላይ። ፍቅሩን መንገድ ላይ አግኝቼው እንዴት ሆነላችሁ አልኩት። "ጋሽ ይልማ" አለኝ፣ "የእውነት ጠብ ቀላል ነው፤ ለየብቻችሁ ትጣላላችሁ። የውሸት ጠብ ግን ካልተስማማችሁ አንገት ይሰበራል።"

እማማ በለጡ ደግሞ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ሱቄ ጎራ አሉና ዱካው ላይ ዐረፍ አሉ። "ልጄ ይልማ፣ ጉድ እኮ ነው" አሉኝ። "ሲጣሉ አይነጋገሩም ነበር። አሁን ለመደባደብ ሲሉ ይነጋገራሉ። ምሳም አንዴ ነው የማቀርበው። ትናንት ሽመልስ ለወንድሙ ሲያጎርሰው አየሁና ጓዳ ገብቼ አለቀስኩ።"

ደስ አለኝ። ሳልዋሽ ደግሞ ትንሽ ከፋኝ። ለሽመልስ የመልስ መልስ ጀምሬለት ነበር፤ ግሩም ሆኖልኝ ነበር።

አራተኛው እሁድ መጣ። አቶ ደምሴ ዳኝነቱ ልባቸው ገብቷል፤ "ክርክር ሳይሰማ ፍርድ የለም፤ ከትግሉ በፊት ክስና መልሱ ይነበብ" የሚል ሐሳብ አመጡ። ወንድማማቾቹ ለሳቅ ይሆናል ብለው የእውነቱን ወረቀት ይዘው መጡ። እማማ በለጡንም ጋብዘዋቸው ነበርና ነጠላቸውን ተከናንበው ከእኔ ጎን ተቀመጡ። እኔ ወረቀቱን ሳይ ነው ጉዱ የገባኝ። ልነሣ ስል አቶ ደምሴ "ችሎቱን ማቋረጥ ክልክል ነው!" አሉ። ተመልሼ ተቀመጥኩ። እግሬ እንደሆነ ሕግ ያከብራል ብያችኋለሁ።

ሽመልስ ደረቱን ነፍቶ አነበበ። "ተከሳሽ ከእናቱ ማኅፀን ይዞት በወጣው ስግብግብነት ተነሣስቶ፣ ፀሐይ የሞቀውን አገር ያወቀውን እውነት በአመድ ለመሸፈን…"

ሕዝቡ "እሰይ!" አለ።

ፍቅሩ ተራውን ያዘ። "ከሳሽ ከእናቱ ማኅፀን ይዞት በወጣው ስግብግብነት ተነሣስቶ፣ ፀሐይ የሞቀውን አገር ያወቀውን…"

ድምፁ እየቀነሰ ሄዶ ቆመ። ሕዝቡ ሳቀ። ምን ላድርግ? ቆንጆ ዓረፍተ ነገር አንዴ ብቻ መጠቀም ብክነት ነው።

ከጎኔ እማማ በለጡ ብድግ አሉ። "ቆይ! የማን ማኅፀን ነው?"

ሳቁ ቀጥ አለ።

"እኮ የማን ማኅፀን ነው? ያለኝ አንድ ነው። ማነው እሱን ፍርድ ቤት ያቀረበው? እንዲህ ነው የምትባባሉት፣ ልጆቼ? ከኔ ስግብግብነት ይዛችሁ ወጣችሁ?"

ሽመልስ ኮፍያውን አወለቀ። ፊቱ በላብ ርሷል፤ ላብ ብቻ እንደሆነ አልምልም። "እማዬ፣ እኔ እንዲህ አላልኩም። እኔ ያልኩት 'ያኔ ሥራ ፈትቼ ነበር፤ ልሸጥ ያልኩት ቸግሮኝ ነው፤ ወንድሜ ምን ሆንክ ብሎ አልጠየቀኝም' ነው።"

ፍቅሩም አወለቀ። "እኔም ያልኩት 'የአባቴ መጋዝ እዚያ ተሰቅሏል፤ ሳያማክረኝ ሊሸጠው ሲል ከፋኝ' ነው።"

እውነታቸውን ነው። ሁለቱም እንደዚያ ነው ያሉኝ። ሽመልስ ያኔ ዱካዬ ላይ ተቀምጦ አልቅሷል። እንባ ግን አንቀጽ የለውም። እኔ እንባውን ትቼ ስግብግብነት የሚል ቃል አገኘሁለት። ለወንድሙም እንዲሁ። ሰው ልቤ ተሰበረ ሲለኝ፣ ጡብ አድርጌ የምመልስለት እኔ ነኝ።

"ታዲያ ማነው የጻፈው?" አሉ እማማ በለጡ።

ወንድማማቾቹ ተያዩ። "ላንተ ማን ጻፈልህ?" "ላንተስ?" ከዚያ ሁለቱም ቀስ ብለው ወደ ፊት ወንበር ዞሩ። ኮፍያዬን እስከ አገጬ ለማጥለቅ ሞከርኩ፤ ቀዳዳ የለውም።

"ጣልቃ ገብ ተከራካሪ ይቅረብ!" አሉ አቶ ደምሴ።

አንዱ በብብቴ፣ አንዱ በእግሬ ያዘኝ። ሰማይ ቀረበኝ። የኮንዶሚኒየሙ መስኮቶችና የተሰጡት አንሶላዎች በአጠገቤ አለፉ። "ይግባኝ እላለሁ!" ብዬ ጮህኩ።

"ይግባኙ ውድቅ ነው!" አሉ አቶ ደምሴ።

ወደቅሁ።

ጽጌ እንደምትለው ቤቷ ከተከፈተ ጀምሮ እንደዚያን ቀን ተጨብጭቦ አያውቅም። ከመወርወራቸው በፊት ግን ሁለቱም እግራቸውን ሰድደው ፍራሹን ሲፈልጉ ተሰምቶኛል። ወገቤ ደህና ነው። የተጎዳው ሌላ ነገር ነው። እማማ በለጡ መጥተው እጄን ይዘው አነሡኝ። ይቆጡኛል ብዬ ስጠብቅ፣ አቧራዬን አራገፉልኝና "ሁለተኛ ልጆቼን አትጻፋቸው" ብቻ አሉኝ። ከውርወራው ይልቅ ያ አመመኝ።

ሰኞ ጠዋት ወንድማማቾቹ ሱቄ በር ላይ ቆሙ። ጨለመብኝ። የመጡት ግን ክሱን ለማንሣት ማመልከቻ ፈልገው ነው። ኮምፒውተሬን ከፈትኩ። ክስ የሚል ፋይል አለ፤ መልስ አለ፤ ይግባኝ አለ፤ የእግድ አቤቱታ አለ። ዕርቅ የሚል ፈልጌ አጣሁ። ከባዶ ገጽ ጀመርኩ። "ወንድማማቾች ነን። ተቀያይመን ነበር። ታርቀናል፤ መዝገቡ ይዘጋልን።" ሽመልስ አነበበውና "ጋሽ ይልማ፣ እንዲህ አድርገህ መጻፍ ትችል ኖሯል?" አለኝ።

የእንጨት መሥሪያዋ አልተሸጠችም። ግማሿ ጎሚስታ፣ ግማሿ ጂም ሆናለች። የአባታቸው መጋዝ በመሐል ተሰቅሏል።

ታሪኩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ጥሩ ትምህርት ይወጣው ነበር። ግን ልደታ ነው ያለነው። የትግሉ ነገር ከዚያ ወዲያ ሞተ። ፍቅር ጭምብል አይሸፍነውም፤ ከሳሽ ተከሳሽን ሲጥል "አመመህ?" ይለዋል፤ ተከሳሽ ከሳሽን ሲያንቅ ላቡን ይጠርግለታል። ከዕርቁ በኋላ በሁለተኛው እሁድ ሕዝቡ አፏጨ፤ በሦስተኛው አልመጣም። ሽማግሌና ቄስ ያቃተውን ጠብ አንድ ግሮሰሪ አስታርቆ፣ በዕርቁ ምክንያት ከሰረ።

ባለፈው ሳምንት ጽጌ ሱቄ መጣች። በሩን ገርበብ አድርጋ፣ ዱካው ላይ ተቀምጣ፣ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

"ይልማዬ፣ መቼም አንተ ዘንድ የማይመጣ ጠብ የለም። ከልባቸው የሚጠላሉ፣ ወፈር ወፈር ያሉ ሁለት ሰዎች ታገኝልኛለህ?"

ተቆጣሁ። የደንበኛ ምስጢር አላወጣም አልኳት። ከእንግዲህ በሰው ጠብ መቀለድ ይብቃኝ፣ ተምሬያለሁ አልኳት። ይህን እያልኩ እጄ መዝገቦቹን ሲያገላብጥ አየሁት።

"ወፈር ያሉ ባልና ሚስት አሉኝ" አልኳት። "ይሆኑሻል?"

ጽጌ ደንግጣ ከዱካው ተነሣች። "ኧረ በልደታ! እኔ የፈለግሁት ትግል ነው እንጂ ጦርነት ነው እንዴ?"